ፒሲኦኤስ እና ኢንሱሊን ሬዚስታንስ፦ ከምርመራው እስከ ሜትፎርሚን፣ ቅደም ተከተሉን ሳትስቺ

ፒሲኦኤስ (የእንቁላል ማመንጫውን፣ ማለትም የኦቫሪን ሥራ የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) አለብሽ ተብለሽ፣ «ኢንሱሊንሽ አልሠራ ብሏል፣ ክብደት ቀንሺ፣ ይህን ኪኒን ውሰጂ» የሚል ምክር ይዘሽ ወጥተሽ ይሆናል። ብዙዋ ሴት የምትሰናከለው ከዚያ በኋላ ነው። ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ስሠራ ደጋግሜ የማየው ሦስት ነገር አለ። ምርመራው ያለ ዝግጅት ይደረግና ቁጥሩ ያሳስታል። እንጀራ፣ ስኳርና ዳቦ በአንድ ቀን ይቆሙና በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ይመለሳሉ። ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን በባዶ ሆድ ይዋጥና ተቅማጥ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በተራ ሂጂ፤ ደረጃ 2ን ሳትጨርሺ ደረጃ 5ን አትጀምሪ።

የሚሆነው ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ሰውነት አልታዘዘው ሲል (ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚባለው ይህ ነው) ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪውን የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋፋዋል፤ እንቁላሉ ሳይበስል ይቀራል፣ ወር አበባ ይዘገያል፣ አገጭ ላይ ፀጉር ይወጣል። ቆሽት እስከቻለ ድረስ የባዶ ሆድ ስኳርሽ ለዓመታት ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ስኳር የለብሽም» መባል ብቻውን በቂ መልስ አይደለም። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ቀጭን ሴትም ላይ ሊኖር ይችላል።

ከመጀመርሽ በፊት፦ ቀጥታ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ወር አበባሽ ከቀረ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። «ፒሲኦኤስ ያለባት አታረግዝም» የሚባለው ልክ አይደለም።
- እርግዝና ሳይኖር ከ90 ቀን በላይ ደም ካላየሽ አትጠብቂ። የማኅፀን ሽፋን ሳይወርድ እየወፈረ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ደም የሚያመጣ የሆርሞን ኪኒን ሊያዝልሽ ይችላል።
- በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፅሽ ከጎረነነ ወይም ፀጉሩ በፍጥነት ከበዛ፣ መንስኤው ፒሲኦኤስ ላይሆን ይችላል። ዕጢ አለመኖሩ መታየት አለበት።
- ውሃ ጥምና ሽንት ከበዛብሽ፣ ሳታስቢው ከከሳሽ፣ በዚያው ቀን ስኳርሽን ተለኪ።
- የታይሮይድ ሆርሞንና ፕሮላክቲን (የጡት ወተት የሚያመጣው ሆርሞን) ሳይመረመሩልሽ «ፒሲኦኤስ ነው» ከተባልሽ፣ እነሱ እንዲታዩ ጠይቂ። የወር አበባን የሚያዛቡት እነሱም ናቸው።

ገና ወር አበባ ከጀመረች ብዙ ያልቆየች ልጅ ካለችሽ በዚህ መመሪያ አትለኪያት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዛባቱ የተለመደ ነው።

ደረጃ 1፦ ደብተር፣ ሜትር እና አንገት

1. ያለፈውን አንድ ዓመት የወር አበባሽን አስታውሰሽ ጻፊ። ቆጠራው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ መስከረም 3 አይተሽ ቀጣዩ ጥቅምት 18 ከመጣ 45 ቀን ነው። ከነሐሴ ወደ መስከረም ስትሻገሪ ጳጉሜን መደመር አትርሺ፤ አብዛኛው ስህተት እዚያ ላይ ነው። ከ35 ቀን በላይ የሚራራቅ፣ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ ያነሰ ከሆነ የተዛባ ነው።

2. ወገብሽን ለኪ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበዪ፣ ልብስሽን ገልጠሽ ቁሚ። የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣትሽ ፈልጊ፣ ከዚያ የዳሌ አጥንትሽን ጫፍ ፈልጊ፤ የሁለቱ መሃል ላይ ሜትሩን አዙሪ። ተንፍሺና ሆድሽን ሳትስቢ አንብቢ። ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ጻፊው። ሜትሩ ጀርባሽ ላይ ወርዶ ከሆነ ቁጥሩ ያታልላል፤ መስታወት ፊት ቆመሽ ድገሚ።

3. አንገትሽን፣ ብብትሽንና የጭንሽን መጋጠሚያ እዪ። ጠቆር ያለ፣ ሲነካ እንደ ከፋይ የሚለሰልስና ወፈር ያለ ቆዳ ካለ፣ የበዛ ኢንሱሊን ምልክት ሊሆን ይችላል። በቀን ብርሃን ሰው በስልክሽ ፎቶ ያንሳልሽ። አትፈትጊው። ቆሻሻ መስሏቸው በሎሚ፣ በድንጋይና በማንጫ ክሬም ቆዳቸውን ያቆሰሉ ብዙ ናቸው። ኢንሱሊኑ ሲቀንስ በወራት ውስጥ እየቀለለ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ የ75 ግራም ግሉኮስ ምርመራ

ለፒሲኦኤስ ከሁሉ የተሻለው የስኳር ምርመራ ይህ ነው። በጣም የሚበላሸውም ይኸው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም የግል ክሊኒክ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ፦ ይህን ምርመራ ይሠራሉ? ዱቄቱ አላቸው ወይስ ይዘሽ ትመጫለሽ?

ዱቄቱን ራስሽ የምትገዢ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቢ። ውሃ አልባው ግሉኮስ 75 ግራም ሲሆን፣ «ሞኖሃይድሬት» የሚል ከሆነ 82.5 ግራም ነው የሚመዘነው። የሻይ ስኳር ወይም ለስላሳ መጠጥ አይተካውም። «ያው ስኳር ነው» የሚልሽ ካለ እሺ አትበዪ፤ የሚነበበው ቁጥር የተሠራው ለግሉኮስ ብቻ ነው።

*ሦስት ቀን ቀድሞ*

እንደወትሮሽ ብዪ። እንጀራ አትቀንሺ። ስኳር ልመረመር ነው ብላ ሦስት ቀን የተራበች ሴት፣ በምርመራው ዕለት ስኳሯ ያለቦታው ከፍ ሊል ይችላል። ትኩሳት ወይም ወባ ካለብሽ እስክትድኚ ቀጠሮውን ቀይሪ። ረመዳን ከሆነ ከዒድ በኋላ አድርጊው፤ ጠዋት የምትጠጪው ነገር ስላለ ከጾሙ ጋር አይሄድም።

*ዋዜማውና ጠዋቱ*

1. እራትሽን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ጨርሺ። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ።
2. ጠዋት ቡና የለም። ያለ ስኳርም ቢሆን የለም። ጅማ ላይ ይህን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቡናው ከሚፈላበት ቤት ቶሎ ብለሽ ውጪ። ጫት፣ ሲጋራና ማስቲካም እንደዚያው።
3. ዳገት ወጥተሽ አትሂጂ፤ ባጃጅ ያዢ። ጠዋቱን የሠራ ጡንቻ ስኳሩን ቀድሞ ይስብና ውጤቱን ያዛባል።
4. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ድረሺ። ሁለት ሰዓት መቀመጥ ስላለብሽ የሚነበብ ነገርና ለመጨረሻ የሚበላ ያዢ።

*ላብራቶሪው ውስጥ*

1. የመጀመሪያው ደም ይቀዳል።
2. በአንድ ብርጭቆ ውሃ (250–300 ሚሊ ሊትር) የተበጠበጠውን ግሉኮስ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጨርሺ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉንጭ ነው። በስልክሽ ደውል ሙዪ። ለባለሙያውም «እባክዎ ሰዓቱን ካርዱ ላይ ይጻፉልኝ» በዪ።
3. ተቀመጪ። ገበያ ደርሼ ልምጣ አይባልም።
4. ልክ በሁለት ሰዓቱ ሁለተኛው ደም ይቀዳል።

*ሲበላሽ*

- ካስታወክሽ ምርመራው አለቀ። ተናገሪና ሌላ ቀን ድገሚ።
- ሁለተኛው ደም ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ቁጥሩን እንደ ሁለት ሰዓት አትቁጠሪው፤ ድገሚ።
- ደሙ ቶሎ ይሠራ እንደሆነ ጠይቂ። ብልቃጥ ውስጥ የቆየ ደም ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ ውጤቱ ያለቦታው ዝቅ ይላል።
- ላብ ካጠመቀሽና ራስሽ ከዞረ ዝም ብለሽ አትቻይው፤ ንገሪያቸው፣ ተኚ።
- ምርመራው ጭራሽ ካልተገኘ የባዶ ሆድ ስኳር ወይም ኤ-ዋን-ሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይሠራልሽ። ግን ደም ማነስ ካለብሽ ንገሪ፤ የብረት እጥረት ኤ-ዋን-ሲን ያለቦታው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የጣት መለኪያ መሣሪያ ለክትትል እንጂ በሽታ ለመወሰን አይሆንም።

*ቁጥሩን ማንበብ (ሚሊግራም በዴሲሊትር)*

- ባዶ ሆድ፦ ከ100 በታች ደህና፤ 100–125 ድንበር ላይ፤ 126 እና በላይ የስኳር በሽታ።
- ከሁለት ሰዓት በኋላ፦ ከ140 በታች ደህና፤ 140–199 ድንበር ላይ፤ 200 እና በላይ የስኳር በሽታ።
- ኤ-ዋን-ሲ (ይህ በመቶኛ ነው)፦ ከ5.7 በታች ደህና፤ 5.7–6.4 ድንበር ላይ፤ 6.5 እና በላይ የስኳር በሽታ።

በባዶ ሆድ ወይም በሁለት ሰዓቱ ውጤት ላይ (ኤ-ዋን-ሲ ላይ ሳይሆን) 5 ወይም 7 የሚል ትንሽ ቁጥር ካየሽ አትደንግጪ፤ በሚሊሞል ተጽፎ ነው። በ18 አባዢው። ምልክት የሌላት ሴት በአንድ ከፍተኛ ቁጥር ብቻ የስኳር በሽተኛ አትባልም፤ ይደገማል።

«የኢንሱሊን መጠን ይለካልኝ» ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያል፤ ሕክምናሽንም አይቀይረውም። በዚያ ገንዘብ ኮሌስትሮልሽን አስለኪ፣ ደም ግፊትሽንም ተለኪ።

ደረጃ 3፦ ማዕዱ

ከሚጠጣው ጀምሪ፤ እንጀራውን ለጊዜው ተዪው። አቦል፣ ቶናና በረካን በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ከጠጣሽ 6 የሻይ ማንኪያ ነው፤ 25 ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ሙሉ ቢሆን ይመረጣል የሚለው መጠን ያህል ነው። ከሰዓት ጎረቤት ስትጠሪ እጥፍ ይሆናል። ከጫት ጋር የሚጠጣው ለስላሳ ደግሞ በአንድ ጠርሙስ ብቻ 30 ግራም ገደማ ይጨምራል።

1. በመጀመሪያው ሳምንት ከየሲኒው ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ። በየሳምንቱ ግማሽ። ምላስሽ ይለምዳል። በጤና አዳም ሞክሪው።
2. ማር ስኳር ነው። የጅማ ማርም ቢሆን። «ተፈጥሯዊ ነው» እያልሽ በማንኪያ አትብዪ።
3. ጁስ ቤት ስትገቢ የአቮካዶ ጁስ «ያለ ስኳርና ያለ ሽሮፕ» በዪ፤ ሲያዘጋጁ ቁመሽ እዪ። አቮካዶው ራሱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የሚጨመርበት ነው።

ሁለት ሳምንት ከዘለቅሽ ወደ እንጀራው እለፊ። ክልከላ አላዝልሽም፤ ምክንያቱም አይዘልቅም።

4. ትሪው ላይ ድርሻሽን መለካት አይቻልም። ከመጀመርሽ በፊት የራስሽን አንድ ጥቅልል ለይተሽ ያዢ። ጉርሻ ከቁጥሩ ውጭ ነው፤ እናትሽን እምቢ አትያትም፣ ግን ከጥቅልልሽ ላይ ያንኑ ያህል ተዪ።
5. ወጥ ተረፈ ብለሽ እንጀራ አትጨምሪ፣ እንጀራ ተረፈ ብለሽም ወጥ አታስጨምሪ። የተረፈውን ወጥ በማንኪያ ብዪው። ሁለተኛው እንጀራ የሚገባው በዚህ በር ነው።
6. ጎመኑን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን ወይም ሥጋውን አስቀድሚ፤ እንጀራውን ወደ መጨረሻው አድርጊ። የበላሽው ያው ቢሆንም ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል።
7. ስታርች በስታርች ላይ አትደርቢ፦ ፍርፍር በእንጀራ፣ ፓስታ በዳቦ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ። እንጀራው ሩዝ የተቀላቀለበት ከሆነ መጠኑን አሳንሺ።

*ጾም ሲሆን።* በፍስክ የተስተካከለ ብዙ ነገር በዓቢይ ጾም ይፈርሳል፤ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ፣ ከዚያ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ። ጾሙን በምስር፣ በሽምብራ ወይም በወፍራም ሽሮ ፍቺው፤ ለውዝ፣ ተልባና አቮካዶ ከእጅሽ አይራቁ። በረመዳን አፍጥሩን በጥቂት ቴምርና በሾርባ ጀምሪ፣ ቀጥሎ ምግቡን፤ ጁሱንና የተጠበሰውን ሳምቡሳ አትደራርቢ።

ደረጃ 4፦ ጡንቻ

የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ይወስዳል፤ ውጤቱም እስከ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ክብደት ባይቀንስም ይጠቅማል፤ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ሲል ይህን አስቢ።

1. ከምሳና ከእራት በኋላ 10–15 ደቂቃ ተራመጂ። ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ቤትሽ ከሆነ ከገበያ መልስ በባጃጅ ፋንታ በእግርሽ ግቢ። ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው። ፍጥነቱ ማውራት የምትችዪበት፣ መዝፈን ግን የማትችዪበት ይሁን። የጅሬንን ዳገት በመጀመሪያው ሳምንት አትሞክሪው።
2. በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተከታታይ ሳይሆን፣ ጉልበት ሥሪ። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፤ እጅሽን ሳትደገፊ። ሲቀልሽ ወደ በርጩማ ውረጂ፤ ዝቅ ስለሚል ይከብዳል። ግድግዳ ገፍተሽ እጅሽን ማጠፍና መዘርጋት፣ ግማሽ ውሃ የያዘ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማንሳትም ይጨመር።

ጉልበትሽ ከቆረጠመሽ በርጩማውን ተዪና ወደ ወንበሩ ተመለሺ። የጅማ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቤት ውስጥ ያለውን ሁለት እጥፍ አድርጊው፤ «ክረምቱ ይውጣ» ማለት ለወራት ማቆም ነው።

ደረጃ 5፦ ሜትፎርሚን

ሐኪም ካዘዘ ብቻ። መጀመሪያ የኩላሊት ምርመራ ይደረግ። ኩላሊትሽ ከደከመ ወይም አረቄ የምታዘወትሪ ከሆነ አትደብቂ፤ አልፎ አልፎ ቢሆንም ደምን አሲድ የሚያደርግ አደገኛ ችግር ያስከትላል።

1. በ500 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከእራት ጋር ጀምሪ። «ከምግብ ጋር» ማለት ከበላሽ በኋላ ወይም በፊት ሳይሆን ምግቡ መሃል ላይ ነው፤ ግማሹን ብዪ፣ ኪኒኑን ዋጪ፣ ቀሪውን ጨርሺ።
2. ሆድሽ ከተረጋጋ ከ1–2 ሳምንት በኋላ ሌላ 500 ከቁርስ ጋር ይጨመራል።
3. ከዚያ ሐኪሙ እስካዘዘው መጠን በየ1–2 ሳምንቱ በ500 እየጨመርሽ ሂጂ። ለአዋቂ ጣሪያው በቀን 2,500 ሚሊግራም ነው፤ ብዙዎች ከዚያ በታች ይበቃቸዋል።

*ሲበላሽ*

- ተቅማጥና ማቅለሽለሽ፦ አትጣዪው። ወደተስማማሽ መጠን ተመለሺ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ቆዪ፣ እንደገና ጨምሪ። አሁንም ካስቸገረሽ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። እሱን አትስበሪ፣ አታኝኪ። ቀፎው በሰገራ ውስጥ ቢታይ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።
- ከረሳሽው፦ ዝለዪው። ሁለት አትዋጪ።
- በኢንፌክሽን የመጣ ከባድ ተቅማጥና ትውከት፦ በደንብ መብላትና መጠጣት እስክትጀምሪ አቁሚ፤ ለሐኪምሽም ንገሪ።
- በደም ሥር ቀለም ተወግቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ከታዘዘልሽ፦ ሜትፎርሚን እንደምትወስጂ ቀድመሽ ተናገሪ።
- የእግር ጣት መደንዘዝ፣ መውረር፣ ምላስ መቁሰል፦ ሜትፎርሚን ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። አጽዋማቱን ሁሉ የምትጾሚ ከሆነ ምልክት ሳትጠብቂ ለሐኪሙ ንገሪ።
- ጾም፦ በረመዳን መጠኑ ወደ አፍጥርና ሱሁር ይዛወራል። አከፋፈሉን ከጾሙ በፊት ተማከሪ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ከእናትሽ ወይም ከአክስትሽ የስኳር መድኃኒት ላይ ተበድረሽ አትዋጪ። እነሱ የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ሊሆን ይችላል፤ ስኳርሽን አውርዶ ይጥልሻል። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን እምብዛም አያደርግም። አብሽና ጥቁር አዝሙድን እንደ ምግብ ብዪ፤ በኪኒኑ ፋንታ ግን አይሆኑም። ምን እንዳለበት የማይነገር የተፈጨ «የፒሲኦኤስ መድኃኒት» አትግዢ።

ደግሞም ይህን እወቂ፦ እንቁላል የሚወጣው ደም ከመታየቱ በፊት ነው። ሜትፎርሚን ሠርቶ እንቁላል ከተመለሰ፣ የወር አበባሽን ሳታዪ ልታረግዢ ትችያለሽ። ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ መከላከያውን ከኪኒኑ ጋር እኩል ጀምሪ።

ደረጃ 6፦ በሦስተኛው ወር

በዚያው ሜትር፣ በዚያው ሰዓት ወገብሽን ለኪ። ወገብ ከሚዛን ቀድሞ ሊቀንስ ይችላል። 70 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 3.5 ኪሎ መቀነስ ትንሽ አይደለም፤ 5 በመቶ ነው። የፊት ፀጉርን ግን ገና አትፍረጂበት፤ ቢያንስ 6 ወር ይፈልጋል።

ምንም ካልተለወጠ ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት ሦስት ነገር አጣሪ። ኪኒኑን በእርግጥ በየቀኑ ወስደሻል? ስኳሩ በሌላ ሲኒ ተመልሷል? ሌሊት ታንኮራፊያለሽ፣ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይጥልሻል? የመጨረሻው አዎ ከሆነ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ችግር ሊሆን ይችላልና ለይተሽ ንገሪ። ደብተርሽን፣ የላብራቶሪ ወረቀቱንና የኪኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ ግቢ። ዋናው ጭንቀትሽ ፀጉሩና የወሩ መዛባት ከሆነ ስለ ሆርሞን ኪኒን ጠይቂ፤ ልጅ ከሆነ እንቁላል እንዲወጣ ስለሚያግዘው ሌትሮዞል ስለተባለ ኪኒን ጠይቂ። መንገዶቹ ስለሚለያዩ የፈለግሽውን በግልጽ በዪ።

የግሉኮስ ምርመራውን እንደ ሁኔታሽ በየ1–3 ዓመቱ ድገሚ። ለማርገዝ ስታስቢ ቀድመሽ አድርጊው፣ ፎሊክ አሲድም ያኔውኑ ጀምሪ። ካረገዝሽ ሜትፎርሚኑን በራስሽ አታቁሚ፣ በራስሽም አትቀጥዪ፤ በዚያው ሳምንት ክትትል ጀምሪና ፒሲኦኤስ እንዳለብሽ ካርድሽ ላይ ይጻፍ፤ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የግሉኮስ ምርመራው እንደገና ይሠራልሻል።